ከኩሽናዬ መስኮት የማይታየው በር

ዐቃቤ ሕግ በነበርኩበት ጊዜ ስለ ራሴ የነበረኝ ግምት ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል። ችሎት ቆሜ ስናገር አዳራሹ ጸጥ ይላል፣ ጸሐፊዋ እንኳ ሥራዋን ትታ ቀና ብላ ታየኛለች ብዬ አምን ነበር። ጸሐፊዋ ቀና የምትለው ፍጥነቴ እጇን ስለሚያደክማት መሆኑን የነገረችኝ ሥራውን ከለቀቅሁ በኋላ ነው። «ኧረ በማርያም፣ አንቺ ስትናገሪ ጣቶቼ ያልቃሉ» አለችኝ። እኔ ደግሞ ስንት ዓመት ሙሉ አድናቆት መስሎኝ!

ሥራውን ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ወንጀል ተፈጸመ ሲባል መርማሪ ፖሊስ ቦታው ድረስ ይሄዳል፣ ሰው ይጠይቃል፣ ቃል ይቀበላል፣ ያገኘውን ሁሉ መዝገብ ውስጥ አስገብቶ ለዐቃቤ ሕግ ይልካል። ዐቃቤ ሕጉ መዝገቡን አንብቦ ወይ ይከስሳል፣ ወይ «ይህ ይጎድላል፣ ተጨማሪ ምርመራ ይደረግ» ብሎ ይመልሳል፣ ወይ ይዘጋዋል። ከከሰሰ ችሎት ቆሞ የሚከራከረው እሱ ነው። እኔ ይህን የሥራ ክፍፍል ባጭሩ ነበር የማስረዳው፦ መርማሪ በእግሩ ይሠራል፣ እኔ በጭንቅላቴ። ይህን ፊት ለፊታቸው ስናገር የሰሙኝ መርማሪዎች ምን ያህል ጨዋ እንደነበሩ የገባኝ አሁን ነው።

ከሁሉም ጨዋው አንድ አንጋፋ ሳጅን ነበሩ። ጡረታቸው ደርሷል። ጫማቸው በጋ ከክረምት አቧራ ወይ ጭቃ አያጣውም፤ ቢሮዬ ሲገቡ መጀመሪያ የማየው ምንጣፌን ነበር። አንድ ልማድ ነበራቸው። በየመዝገቡ መጨረሻ ላይ ወንጀሉ የተፈጸመበትን ቦታ በእስክሪብቶ ይሥላሉ፤ ቤቱን፣ መንገዱን፣ ዛፉን ሳይቀር። ሲሥሉ ደግሞ እጃቸው አይታዘዝላቸውም። አንዴ «ሳጅን፣ ይቺ ላም ምን ትሠራለች?» ብያቸው «ሚኒባስ ናት» ብለውኛል። ከዚያ ወዲህ ሥዕሎቹን ማየት ተውኩ።

አንድ ቀን ሳጅን ቀጭን መዝገብ ይዘው መጡ። ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ እኔ ከምኖርበት አራት ብሎክ ወዲያ፣ ማለዳ ላይ የጋራው የውሃ ፓምፕ ተሰርቋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ፓምፕ ተሰረቀ ማለት ላይኛው ፎቅ ያለው ሁሉ በጀሪካን ደረጃ ለደረጃ ይንከራተታል ማለት ነው፤ ነዋሪው እሳት ጎርሶ፣ እሳት ለብሶ ነበር። የተጠረጠሩት የብሎኩ ዘበኛ ናቸው። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ቤተሰብ የሌላቸው፣ በሩ አጠገብ ባለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል የሚኖሩ ሰው። ምስክሯ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ ጡረተኛ መምህርት ሲሆኑ፣ ጎህ ሲቀድ ሻይ ሊጥዱ ተነሥተው፣ በኩሽናቸው መስኮት «ዘበኛው ከባድ ነገር ተሸክሞ ወደ በሩ ሲሄድ አየሁት» ብለው ቃላቸውን ሰጥተዋል።

«ግልጽ ነው» አልኩ መዝገቡን ገልበጥ ገልበጥ አድርጌ።

ሳጅን ኮፍያቸውን በእጃቸው አዙረው «ቦታውን ቢያዩት ጥሩ ነበር የኔ እመቤት። በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም» አሉኝ።

«ሳጅን! እኔ እኮ እዚያው ነው የምኖረው!»

ይህን ስላቸው ኮፍያቸውን አደረጉ። ከዚያ «ሥዕሉን ግን ይዩልኝ፣ መጨረሻው ገጽ ላይ አለ» ብለው ወጡ። አየሁት። አራት ማዕዘኖች፣ አንድ ቀስት፣ ከታች ወደ ዳር የሚሄዱ ነጠብጣቦች። ነጠብጣቦቹ የዝንብ ኩስ መስለውኝ ገጹን አጠፍኩት።

ክሱን መሠረትኩ። ሽማግሌው ዘበኛ ፍርድ ቤት ቀርበው ምን እንደሚሉ ሲጠየቁ «አልሰረቅኩም ጌታዬ» አሉ፤ በቃ። ታዲያ በዚያ ሰዓት የት ነበሩ ሲባሉ ዝም። እኔ ያቺን ዝምታ እንደ ሎተሪ ነው ያፈስኳት። የዋስትና ጥያቄ ሲነሣ ብድግ ብዬ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ተከሳሹ ቋሚ አድራሻ የለውም፣ ዋስትና ቢፈቀድለት ይሰወራል» ብዬ ተቃወምኩ። እውነት ነው፣ አድራሻ አልነበራቸውም። አድራሻቸው ያቺ የቆርቆሮ ክፍል ነበረች፤ እሷንም የብሎኩ ኮሚቴ በተያዙ ማግስት ቁልፍ አድርጎባታል። ፍርድ ቤቱ በእኔ ተስማማና ሽማግሌው ወደ ማረፊያ ቤት ተመለሱ። እኔ ታች ወርጄ ማኪያቶ ጠጣሁ። ራሴን መጋበዜ ነው።

ምስክሯ ከሚሰሙበት ቀን በፊት ባለው እሁድ ከሰዓት በኋላ ዕቃ እያጠብኩ ጥያቄዎቼን እለማመድ ነበር። የምለማመደው ጮክ ብዬ ነው፤ ጎረቤቶቼ ለምደውኛል። «ምስክር፣ በዚያን ዕለት ጠዋት በኩሽናዎ መስኮት ሲመለከቱ ምን አዩ?» እላለሁ ድስቱን እየፈተግኩ። በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየሁ! የማየው የኋለኛውን ብሎክ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ አጥር፣ አንድ ጥቁር የውሃ ታንከር ነው። ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ በእኛ በኩል ያሉት ብሎኮች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ የአንዱን ኩሽና ያየ የሁሉንም አይቷል። ያን ሁሉ ዓመት በዚያ መስኮት ዕቃ ሳጥብ የግቢውን በር አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። ታዲያ ይህ ትዝ ያለኝ ይመስላችኋል? ወይ ፍንክች! «ጎበዝ፣ ጥያቄው አጭርና ግልጽ ነው» ብዬ ራሴን አመሰገንኩና ድስቱን ደፋሁት።

ችሎቱ ቀን ሁሉም ነገር እንደ ሰዓት ሄደልኝ። መምህርቷ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቃለ መሐላ ፈጽመው፣ እንዳሰብኩት መለሱልኝ። በኩሽናዬ መስኮት አየሁት፣ ጋቢውን ለብሶ፣ ከባድ ነገር ተሸክሞ፣ ወደ በሩ ሲሄድ። «ጨርሻለሁ ክቡር ፍርድ ቤት» ብዬ ተቀመጥኩ። ኋላ ወንበር ላይ ሳጅን ደብተራቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አቀርቅረዋል።

ዳኛው ወደ ተከሳሹ ዞረው «ጠበቃ የለዎትም። ምስክሯን የሚጠይቁት መስቀለኛ ጥያቄ አለዎት?» አሏቸው።

ሽማግሌው ተነሡ። «ጌታዬ፣ እኔ እትዬ ቤት አምፖል ልቀይር ብዙ ጊዜ ገብቻለሁ፤ እና ያ መስኮት…»

«አስተያየት አይስጡ። ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ።»

«እሺ ጌታዬ።» አሰቡ። «እትዬ፣ ከኩሽናዎ መስኮት የግቢው በር ይታያል?»

እኔ መች አስችሎኝ! ጥያቄው አፋቸው ውስጥ ሳያልቅ ብድግ አልኩ። «ተቃውሞ አለኝ ክቡር ፍርድ ቤት! ምስክሯ አስቀድመው መልሰውታል፤ ከኩሽናቸው መስኮት ሆነው በሩን በግልጽ…»

እዚህ ላይ ድስቱ ታየኝ። ከድስቱ ቀጥሎ ግድግዳው፣ አጥሩ፣ ጥቁሩ ታንከር። በር የለም። አፌን እንደከፈትኩ ቀረሁ። በሕይወቴ ዓረፍተ ነገር ጀምሬ ያልጨረስኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ጸሐፊዋም እንደምታስታውሰው ነግራኛለች፣ ጣቶቿ ያረፉበት ቀን ስለሆነ።

«በግልጽ ምን?» አሉ ዳኛው።

«ተቃውሞዬን… አንስቻለሁ።»

መምህርቷ ነጠላቸውን ደግመው አስተካከሉ። ሐሰተኛ ሰው አልነበሩም። «በሩ እንኳ አይታይም» አሉ በመጨረሻ። «በጓሮ በኩል በአጥሩ ሥር ሲያልፍ ነው ያየሁት። ወደ በሩ የሚሄድ መስሎኝ ነው።»

«ፊቱን አይተዋል?» አሉ ዳኛው።

«ፊቱን… ጋቢውን ነው ያየሁት።»

ዳኛው ድጋሚ ጥያቄ እንዳለኝ ጠየቁኝ። እውነቱን ልናገር? ነገሩን መልሼ የምጠግንባቸው ሦስት ጥያቄዎች እዚያው ቆሜ መጥተውልኝ ነበር። ምላሴ እንደዚያ ናት፤ እኔ ስሞት እንኳ እሷ ይግባኝ ትላለች። «የለኝም» ብዬ ተቀመጥኩ። በኋላ ለሰው ሳወራው የኅሊና ውሳኔ አስመስዬዋለሁ፤ እንደገና አፌን ከፍቼ እንዳልቀር ፈርቼ ነው። መዝገቡ ለሌላ ቀን ተቀጠረ። ሽማግሌው በፖሊስ ታጅበው ሲወጡ ለሁሉም እንደሚያደርጉት ለእኔም ጎንበስ ብለው እጅ ነሱኝ። ያቺ አንጀቴን በላችው።

ደረጃው ላይ ሳጅንን ጠበቅኋቸው። «ሳጅን፣ ቦታውን ያሳዩኝ» አልኳቸው።

«እዚያው ነው የምኖረው ብለውኝ ነበር እኮ» አሉ፣ ፊታቸው ላይ ምንም ሳይነበብ። ከዚያ መንገድ ጀመሩ፤ እኔ በተረከዝ ጫማ ኋላ ኋላ እያልኩ። ብሎኩ ጀርባ ወሰዱኝ። ፓምፑ ከነበረበት ክፍል ጥቂት እርምጃ እንደሄድን አጥሩ ተቀዷል፤ ሰው ከነሸክሙ ያሳልፋል። ሌባው የወጣው በዚያ ነው። የሥዕሉ ቀስት የሚያሳየው ይህንኑ ቀዳዳ ነበር።

«ነጠብጣቦቹስ?» አልኩ ትንሽ ፈራ ብዬ።

ሳጅን ግራና ቀኝ አይተው ነገሩኝ። ሽማግሌው ወር በገባ በአንድ፣ በልደታ ቀን፣ ጎህ ሲቀድ በሩን ቆልፈው ልደታ ማርያም ኪዳን ያደርሳሉ። ከዘበኝነታቸው በፊት ጀምሮ ያልተቋረጠ ስዕለት ነው። ፓምፑ የተሰረቀው በዚያን ዕለት ነው። ነጠብጣቦቹ ከበሩ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሄዱበት መንገድ ነበሩ።

«ታዲያ ለምን ቃላቸው ላይ አላስገቡትም?»

«እንቢ አሉ። በሬን ጥዬ ሄድኩ ብዬ ከምፈርም ብታሰር ይሻለኛል አሉ። ይህን ኮሚቴው ከሰማ ሥራቸውም ያቺም ክፍል የሉም፤ ሌላ መጠጊያ የላቸውም። እኔም ሥዕሉ ላይ አደረግኩት። የሚያይ ሰው ካለ ይጠይቀኛል ብዬ።» ከዚያ ሳጅን «አደራዎን የኔ እመቤት» አሉ። «ክሱን ለማንሣት መስኮቱና አጥሩ ይበቃሉ። ኪዳኗ በእኛ መካከል ትቅር።»

«እርስዎ ይሙቱ ሳጅን!» አልኩ። «ምን ሆኜ ነው የማወራው?»

አለቃዬን አስረድቼ ክሱ እንዲነሣ አስፈረምኩ። በቀጠሮው ቀን ከእኔ የሚፈለገው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ ዐቃቤ ሕግ ክሱን አንሥቷል። ተናገርኩት። ዳኛው ሊጽፉ ጎንበስ አሉ። እዚያ ላይ ብቀመጥ ምን ነበረበት! ግን አዳራሹ ሞልቷል፣ ጸጥታው አለ፣ ተሳሳተች እንዳልባል ደግሞ ፈራሁ። ስሕተት እንኳ ሳምን በጥሩ ንግግር መሆን አለበት። ስለ መስኮቱ አስረዳሁ። ስለ አጥሩ አስረዳሁ። ዳኛው ሰዓታቸውን አዩ። አሁንም ያልተሟላ መሰለኝና «እንዲያውም ክቡር ፍርድ ቤት» አልኩ፣ «ተከሳሹ በዚያ ሰዓት በሩ ላይ አልነበሩም። ልደታ ማርያም ኪዳን ላይ ነበሩ።»

ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ከኋላ ሳጅን ደብተራቸውን ሲዘጉ ሰማሁ። ከሳጅን ጎን ደግሞ የብሎኩ ኮሚቴ ሊቀመንበር ተቀምጦ ነበር። የቆርቆሮዋን ክፍል ቁልፍ ይዞ የመጣው ነጻ ከወጡ ሊመልስላቸው ነው። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። ክስ ሳነብባቸው፣ ዋስትና ሳስከለክላቸው እንኳ አንገታቸውን ደፍተው አያውቁም። ዛሬም ትዝ ሲለኝ እሳት ይለበልበኛል።

ሽማግሌው በዚያው ቀን ከእስር ተፈቱ፣ በዚያው ቀን ከሥራ ተባረሩ። «በሩን ጥሎ የሚሄድ ዘበኛ ምን ያደርግልናል?» አለ ሊቀመንበሩ ደረጃው ላይ፣ ቁልፉን ኪሱ ከቶ። ልከራከረው አፌን ስከፍት ሳጅን ክንዴን ያዙኝ። «በቃዎት» አሉኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ የኔ እመቤት አላሉኝም። ከሰዓት በኋላ በዚያ ሳልፍ ብርድ ልብሳቸው፣ ራዲዮናቸውና ጃንጥላቸው በፌስታል ታስሮ ከበሩ ውጭ ተቀምጧል። ለአንድ ሰው ሙሉ ኑሮ ፌስታሉ ትንሽ ነበር።

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ የሩቅ ዘመድ አስጠጋቸው፤ መሬት ላይ ነበር የሚተኙት። ይህን የማውቀው ሄጄ ነው፤ በእግሬ። እነዚያን ወራት ስለ ጸጸት ብዙ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፣ ድስት እያጠብኩ። አንዱንም ሳልናገረው የእኛ ብሎክ ዘበኛ አገሩ ሊገባ ሥራውን ለቀቀ።

ግቢው ውስጥ ነዋሪው ተሰበሰበ። እኔም ብድግ ብዬ ስለ ሽማግሌው መከራከር ጀመርኩ። ገና መግቢያው ላይ ሳለሁ ምድር ቤት የሚኖሩ አንድ የወሎ ሰው፣ መርካቶ የሚነግዱ ሐጂ፣ እጃቸውን አነሡ። «ልጄ፣ ንግግርሽንስ በመስኮት ስንሰማው ኖረናል። ሰውዬውን አጣርተሻል ወይ?» ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ተቀመጥኩና ያለ መግቢያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መስኮቱን፣ ጋቢውን፣ የእኔን ጥፋት። ወር በገባ በአንድ ጠዋት ለኪዳን በሩን እንደሚለቁም አስቀድሜ ተናገርኩ፣ በኋላ እንዳያባርሯቸው።

«ታዲያ በዚያን ጊዜ በሩን ማን ይጠብቃል?» አሉ ሐጂ።

እጄን አወጣሁ።

ሽማግሌውን ይዤ ስመጣ ግቢውን ዞር ዞር ብለው አዩት። በሩን ከፈቱ፣ ዘጉ፣ መቀርቀሪያውን ፈተሹ። ከዚያ ወደ ፎቁ ቀና አሉ። «የእርስዎ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ነው አሉ።»

«አዎ አባባ።»

«ከኩሽናዎ ይህ በር ይታያል?»

«አይታይም አባባ።»

«እንግዲያው እሺ» አሉና ፌስታላቸውን ወደ ክፍሏ አስገቡ። ያዘጋጀሁትን ንግግር ተውኩት። «ይቅር ይበሉኝ» ብቻ አልኩ፣ ከበስተኋላቸው። ሰምተውኝ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ አልዞሩም።

መጀመሪያ የደረሰችኝ የልደታ ቀን ጎህ ሳይቀድ ወረድኩ። ውርጩ አጥንት ይሰብራል፤ እኔ ደግሞ ቀጭን ሹራብ ነው የለበስኩት። ሽማግሌው አዩኝና ጋቢያቸውን አውልቀው ትከሻዬ ላይ ጣሉት፣ እሳቸው ነጠላቸውን አጣፉ። «በሩን እንዳይለቁ» አሉኝና ሄዱ። ወንበራቸው ላይ ተቀምጬ እስከ ጆሮዬ ተጠቀለልኩ። ከልደታ ማርያም የካህናቱ ድምፅ በስሱ ይሰማል።

ከላይ ኮሪደሩ ላይ አንድ በር ተከፈተ። ስንት ዓመት ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናት፣ ድምፄን ከራሷ ድምፅ በላይ የምታውቅ ሴት። ባልዲ ይዛ ወደ ታች አጎንብሳ አየችኝ፤ እኔም ቀና ብዬ አየኋት።

«አባባ!» ብላ ተጣራች። «ውሃ መጥቷል እንዴ?»

ጋቢውን ነው ያየችው። አንድ ሰው በዚህ ጨርቅ ብቻ ከአንድ ወር በላይ አሳስሬ ነበር። ልመልስላት አፌን ከፈትኩ፣ ድምፄ ግን እንቢ አለኝ፤ እሷም መልስ ስታጣ ገብታ በሯን ዘጋች። ሽማግሌው እስኪመለሱ ድረስ ከወንበሩ አልተነሣሁም።